ያልተሰረዘው ስም

«‹በኔትወርኩ ኃላፊ ቸልተኝነት ምክንያት› ብለሽ ጻፊ» አለ አርሴሲዮ።

«ስሙንም ላስገባ?» አለች ኦማይራ።

«አስገቢው። የመንግሥት ሰዎቹ ያለ ስም ሪፖርት አይቀበሉም።»

ኤዴልሚሮ ይህን የሰማው ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ተቀምጦ ነው። ያለባት ክፍል ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች፤ አሁን ዋናው ኮምፒውተር፣ የሽቦዎቹ መገናኛ ሳጥንና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ሞልተዋታል። ሁለት ሰው ከገባባት አንደኛው መቆም አለበት። ከግድግዳው ማዶ ያሉት የሟች ሚስቱ ወንድምና እህት ናቸው። አርሴሲዮ ላቦራቶሪውን ከአባቱ የወረሰ፣ በየውጤቱ ላይ የሚፈርም ባለሙያ ነው። ኦማይራ እንግዳ መቀበያው ላይ ከተቀመጠች ሃያ ዓመት አልፏታል። ኤዴልሚሮ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከአንድ ድስት የዓሣ ሾርባ ጠጥቷል፤ የሬሳ ሣጥንም አብሯቸው ተሸክሟል። ዛሬ ስሙን ሲያነሱት ግን ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። ምናልባት ግድግዳው ኮምፔርሳቶ መሆኑን ረስተውት ይሆናል። ምናልባትም አልረሱትም።

ነገሩ የታወቀው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኦማይራ በሩን ስትከፍት ነው፤ ያን ዕለት ኤዴልሚሮ አርፍዶ ነበር። እንደ ሰኞ ልማድ ምግብ ሳይቀምሱ ያደሩ ሰዎች ደም ለመስጠት ደጁን ሞልተውት ነበር። ኮምፒውተሯን ብታበራው ገጹ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ መሃሉ ላይ በተሰባበረ ስፓኒሽ የተጻፈ መልእክት ብቻ ወጣ። ፋይላችሁ በሙሉ ተቆልፏል፣ መክፈቻውን ከፈለጋችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ክፈሉ ይላል። የተጠየቀው ላቦራቶሪው በሁለት ዓመት የማያገኘው ገንዘብ ነው። ሰባቱም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ናቸው። የአሥራ አንድ ዓመት የሰው ደም፣ ሽንትና ስኳር ውጤት ከነስሙ ተቆልፏል። ኤዴልሚሮ በየሳምንቱ ቅጂ የሚያስቀምጥበት ዲስክም ከዋናው ኮምፒውተር ጋር እንደተሰካ ስላደረ አብሮ ተቆልፏል። በጥር ወር ሁለተኛ ዲስክ ይገዛልኝ ብሎ ነበር፤ አንዱ ሲሰካ ሌላው ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ እንዲያድር። ዋጋው አራት መቶ ሺህ ፔሶ ነው። አርሴሲዮ የዋጋ ወረቀቱን ከግራም ከቀኝም አይቶ «ያለው መች ተበላሸና ነው?» አለና የቡናው ስኒ ማስቀመጫ አደረገው።

ኤዴልሚሮ ይህን ሁሉ አስታወሰ። ተነሥቶ በሩን በርግዶ መግባት፣ «ያቺን የዋጋ ወረቀት የት አደረግሃት?» ማለት ፈለገ። ግን በባዶ እጁ ሊገባ አልወደደም፤ ማስረጃ ይዞ መግባት አለበት። ማስረጃው ደግሞ ያለበትን ያውቃል። ከኢንተርኔቱ ወደ ቤቱ የሚገባውንና የሚወጣውን የምትጠብቀው ትንሿ ሳጥን የራሷን መዝገብ ትይዛለች፤ ማን በስንት ሰዓት ከየት እንደገባ። እሷን ሌቦቹ አልቆለፏትም። ኤዴልሚሮ የራሱን ላፕቶፕ በሽቦ አገናኘና መዝገቡን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረ። የሚፈልገውን ከማግኘቱ በፊት አውቆት ነበር። አርሴሲዮ ከዓመት በፊት ከባሕር ዳር ቤቱ ሆኖ፣ በገመድ በሚንጠለጠል ሃማካ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ውጤት ማየት አማረውና ከውጭ የሚገባበት መግቢያ አስከፈተ። የይለፍ ቃሉ ረዘመብኝ እያለም አሥር ጊዜ አጉረምርሟል። ሌባው በእሱ በር እንደገባ ኤዴልሚሮ ጥርጣሬ አልነበረውም፤ እንዲያውም አርሴሲዮ መዝገቡን ሲያነብ ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰበ ነበር የሚያገላብጠው።

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት። የገባችው፦ ዳማሪስ ቪሎሪያ። የይለፍ ቃል ትክክል። ተፈቅዷል።

ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ላፕቶፑን ሳይዘጋው እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። 

ዳማሪስ ሚስቱ ናት። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ደም መውሰጃው ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር፤ እጇ ቀላል ነው እየተባለ ሕፃናት ለእሷ ብቻ ይቀመጡ ነበር። ውጤት ወደሚላክላቸው ክሊኒኮች ስትሄድም ከዚያው ሆና የምትገባበት ፈቃድ ነበራት። ኤዴልሚሮ በገዛ እጁ ጽፎ፣ በላስቲክ አስለብሶ፣ ከውኃ ማቀዝቀዣው በላይ የለጠፈው ደንብ አለ፤ አራተኛው መስመር «ከሥራ የለቀቀ ሰው ስም በዚያው ቀን ይሰረዛል» ይላል። ባለፈው ዓመት አንዲት ነርስ ስትለቅ ገና ቦርሳዋን ከወንበሩ ሳታነሣ ነበር ስሟን የሰረዘው፤ ሰውም «ይሄ ሰው ልብ የለውም» ብሎ ቀልዶበታል። በዳማሪስ ቀብር ማግስት የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ከፈተና ስሟ ላይ ቆመ። «ነገ እሰርዘዋለሁ» አለ። ኮምፒውተሩ በየዘጠና ቀኑ የይለፍ ቃል ቀይሩ ይላል፤ ያልቀየረ ሰው መግቢያው በራሱ ይዘጋል። ቀኑ ሲደርስ ኤዴልሚሮ ራሱ ቀየረላት። ቃሉ ያው የእሷ ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን ቁጥር ብቻ በአንድ ያሳድጋታል። አሥራ ሁለት ጊዜ አሳደጋት። ማለዳ ሌላው ሳይመጣ ጥቁር ቡናውን በትንሿ የፕላስቲክ ስኒ ይዞ በስሟ ይገባል። ገጿ እንደተወችው ይከፈታል። ለሥራ ባልደረቦቿ የተወቻቸው ማስታወሻዎች በቢጫ ተደርድረዋል፦ «ከጨቅላ ደም ስትወስዱ መጀመሪያ እናቱን አስቀምጧት፤ የምትወድቀው እሷ ናት።» «ዶን ኦክታቪዮ ስኳር አልቀመስኩም ካለ እጁን አሽትቱት።» እሱን አንብቦ፣ ቡናውን ጨርሶ፣ ዘግቶ ይወጣል። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሌባው ደግሞ፣ የትም ይሁን የት፣ ስምና ቁጥር እያፈራረቀ በር ሲነካካ፣ ማንም የማይሠራባት፣ ማንም የማይጠብቃት አንዲት ስም አገኘ።

በሐሰት የወነጀሉት ሰዎች እውነታቸውን ሆነና አረፈው። ደርሶ የሚጮህበት ሰው አልቀረውም። ማስታወሻዎቿም ከሌላው ጋር አብረው ተቆልፈዋል፤ ከእንግዲህ የእሷን ቃል የሚያነብበት የትም የለም። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣበት። በዚህ ቤት ያቺ ትንሽ ሳጥን መዝገብ መያዟን የሚያውቅ ከእሱ በቀር የለም። አንድ መስመር ነው። ማጥፋቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጣቱን አስጠግቶ እያለ ከመቀበያው አዳራሽ የሴት ድምፅ ሰማ።

«ሐሙስ? ለማን ነው ሐሙስ? ኩላሊቱ ሐሙስን ያውቃል?»

ወጣ። አርሴሲዮ ለኦማይራ «መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑን አበላሸው፣ ሐሙስ ተመለሱ» በያቸው ብሏታል፤ እሷም ከማለዳ ጀምሮ ስትለው ነው የዋለችው። አብዛኛው ሰው አጉረምርሞ ሄዷል። ሠላሳ የሚሆኑት ግን አሁንም በተሰነጣጠቁት ሰማያዊ ወንበሮች ላይ በካርቶን ፊታቸውን እያራገቡ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ የቆመችው ዶኛ ኤኔይዳ ናት፤ ስልሳ ያለፋት፣ ከጎረቤት ከተማ ከሶሌዳድ በአውቶቡስ ቆማ የመጣች፣ በየወሩ ልጇን ዊልፍራንን ይዛ የምትመጣ ሴት። ልጁ ኩላሊት ከተተከለለት ሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ አለው፤ ሐኪሙም የስድስት ወሩን ቁጥር በሙሉ ይዛችሁ ኑ ብሏል።

«ወረቀት ስጡን ስንል በስልካችሁ ታዩታላችሁ አላችሁን» አለች ወደ ኦማይራ። «እሺ አልን። አሁን ስልኩን ስነካው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ዊልፍራን ከቅዳሜ ጀምሮ እግሩ አብጧል። ሐኪሙ ያለ በፊቱ ቁጥር ይውጣ ይውረድ አላውቅም ነው የሚለው።»

«ዶኛ ኤኔይዳ፣ መብራቱ ነው እኮ…»

«እኛም ሰፈር መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ የድሮውን አይረሳም።» ኤዴልሚሮን አየችው። «ኢንጂነር፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ሴቶቹ የታዘዙትን ነው የሚናገሩት።»

ኦማይራ ቀና ብላ ተመለከተችው። ዝም በል የሚል ዓይን ነው።

«መብራት አይደለም» አለ ኤዴልሚሮ። «ሰው ሰብሮ ገብቶ ሁሉንም ቆልፎብናል። ሐሙስም አይከፈትም።»

አዳራሹ ውስጥ ካርቶኖቹ መራገባቸውን አቆሙ። ዶኛ ኤኔይዳ መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ይብስ ያስፈራል። «ኩላሊቱ የእኔ ነው እኮ» አለች፣ አንድ እጇን ወደ ጎኗ አውርዳ። «ከዚህ ነው ያወጡት። ሌላ የለኝም እንግዲህ።»

 ያኔ ነው ኤዴልሚሮን በጓሮው ክፍል ያለችው አሮጌ መመርመሪያ ማሽን ትዝ ያለችው። ከአንድ የተዘጋ ክሊኒክ የተገዛች ናት፤ ከኔትወርኩ የሚያገናኛት ሽቦ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አርሴሲዮ ማሠሪያው ውድ ነው ስላለ ኦማይራ ማሽኗ የምትተፋውን ቀጭን ወረቀት እያየች ቁጥሩን በእጇ ስታስገባ ኖራለች። ሽቦ ስለሌላት ሌባው አልደረሰባትም። የጥቂት ወራት ውጤት ደግሞ በሆዷ ትይዛለች። ችግሩ የሰው ስም አታውቅም፤ የምታውቀው የደሙን ብልቃጥ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው የተቆለፈው ኮምፒውተር ነው።

«የከፈሉበት ደረሰኝ አለዎት?» አለ። «ትንሹ ወረቀት። ከታች ረጅም ቁጥር ያለው።»

ዶኛ ኤኔይዳ ከጡት መያዣዋ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ለአራት ታጥፈው፣ በላብ ወይበው፣ ሁሉም አሉ። «ሴት ልጄ ናት ያስያዘችኝ» አለች። «‹ገንዘቡን ለሎተሪ ነው የምታውይው› ትለኛለች። አንድ ቀን ፊቷ ላይ ልበትነው ነው የያዝኩት።»

አሮጌዋ ማሽን ፊት የአንድ ጣት ስፋት ያላት አረንጓዴ መስኮት አለች። ፊደል መጻፊያ የላትም፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ቁልፍ ብቻ። በሺህ ከሚቆጠር ውጤት መሃል ስድስት ቁጥር ለማግኘት ኤዴልሚሮ ቁልፏን እየተጫነ ቆመ። ክፍሉ አየር የለውም፤ የአውራ ጣቱ ጫፍ መጀመሪያ ደነዘዘ፣ በኋላ ማመም ጀመረ። ዶኛ ኤኔይዳ በሩ ላይ ቆማ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ታቀብለዋለች። የመጀመሪያውን ለማግኘት ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ አርሴሲዮ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ መጣ።

«ምንድን ነው የምትሠራው?» አለ። ከዚያ ሴትዮዋን አየና ቃሉን ቀየረ። «ኢንጂነር፣ በእጅ የተጻፈ ውጤት አንሰጥም። በኋላ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ቁጥሩ እዚህ አለ። የሚፈርም ነው የጠፋው።»

አርሴሲዮ ሊመልስ አፉን ከፈተና ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ኤዴልሚሮ የየወሩን የኩላሊት ቁጥር በእርሳስ ከላይ ወደ ታች ጽፎታል። አንድ ነጥብ ሁለት። አንድ ነጥብ ሁለት። አንድ ነጥብ ሦስት። አንድ ነጥብ አምስት። አርሴሲዮ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የቀሩትን ሁለቱን ጠበቀ። አንድ ነጥብ ስድስት። የመጨረሻው፣ ያለፈው ሳምንት፣ ሁለት ነጥብ አንድ።

ዶኛ ኤኔይዳ ስለ ኩላሊት የማታውቀው የለም። «እየወጣ ነው» አለች። «ሰውነቱ እየገፋው ነው።»

«በጊዜ ከታወቀ መድኃኒቱን ይጨምሩለታል» አለ አርሴሲዮ። በእስክሪብቶ በንጹሕ ወረቀት ገለበጠው፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው። «ዋናው ነገር ዛሬ መድረሱ ነው። አሁኑኑ ይሂዱ። ታክሲ ይያዙ።»

ወረቀቱን አጥፋ ከደረሰኞቹ ጋር ከተተችው። ደጁ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ሐሙስ ብላችሁኝ ነበር» አለች። 

ምሳ ሰዓት ሦስቱም ከጓሮ ባለችው ማብሰያ ክፍል ተቀመጡ። ኦማይራ ከቤት ያመጣችው የኮኮናት ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ነበር፤ ሳህኖቹን ዘረጋች እንጂ ማንም አልቀመሰውም። ጣሪያው ላይ ያለው ፋን በየዙሩ ይንጫጫል። ድሮ ዳማሪስ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ የጓንት ካርቶን ተደርድሮበታል። አርሴሲዮ ኦማይራ የጻፈችውን ሁለት ገጽ ከኤዴልሚሮ ሳህን አጠገብ አኖረና እስክሪብቶውን ከላዩ አጋደመው።

«ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሚላክ ነው» አለ፣ ሳያየው። «አንብበህ ፈርም። ከሥራ አላስወጣህም። ወረቀት ብቻ ነው።»

«ጠዋት ሰምቼዋለሁ።»

ኦማይራ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ሰምቼ ተናድጄ ነበር» አለ ኤዴልሚሮ። «ባንተ በር ገብተው ይሆናል ብዬ ላዋርድህ ነበር የፈለግኩት። መዝገቡን አየሁት። ባንተ በር አይደለም የገቡት። በዳማሪስ ስም ነው። ሳልሰርዘው ቀረሁ። እንዳይዘጋም እኔው እያደስኩ ነው ያኖርኩት። ሦስት ዓመት።»

ፋኑ ይንጫጫል። አርሴሲዮ ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ። «እህቴን» አለ። «በእህቴ ስም ሌባ አስገባህ።» ተነሣ፣ ጥግ ድረስ ሄደ፣ ክፍሏ ጠባብ ናትና ወዲያው ተመለሰ። «አባቴ አርባ ዓመት የሠራውን። ለምን? ፎቶዋ የለህም? መቃብሯ የለም?»

«መቃብሯ ላይ የጻፈችው ነገር የለም» አለ ኤዴልሚሮ።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ኦማይራ።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። ዓይኗ ሩዙ ላይ ነው።

«በኮምፒውተሬ ጥግ የገቡ ሰዎች ስም አረንጓዴ ሆኖ ይታየኛል። ማለዳ ማለዳ ስሟ ይበራ ነበር። መጀመሪያ ቀን ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፤ በኋላ አንተ መሆንህ ገባኝ። ስሟ እንዲበራ ስል ነው አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ ስመጣ የኖርኩት። ደጅ ቁጭ ብዬ በስልኬ አየዋለሁ። እስክትወጣ እጠብቅና እገባለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ኤዴልሚሮ።

«ብነግርህ ትሰርዘው ነበር።»

 ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲውሉ ስሟን ጠርተው አያውቁም፤ ሁሉም ለሌላው ያዘነ መስሎት። አርሴሲዮ ተቀመጠ። ጋውኑን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው፤ ያኔ በድንገት ሽማግሌ መሰለ።

«ያ መዝገብ የምትለው» አለ፣ ወደ ጠረጴዛው እያየ። «መስመሩ ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

«እንግዲያው አጥፋው። በማን እንደገቡ አልታወቀም ብለን እንጽፋለን። ስምህንም አወጣዋለሁ። እሷ እዚህ ነገር ውስጥ እንድትገባ አልፈልግም።»

ኤዴልሚሮ ጠዋት የራሱ የነበረውን ሐሳብ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው አስጠላው። «ውጤት የምንልክላቸው ሁለት ክሊኒኮች ከእኛ ጋር የተገናኙት በዚሁ መስመር ነው» አለ። «እሷ እዚያም ስም ነበራት። በምን እንደገቡብን ካልነገርናቸው ነገ በዚያው ስም እነሱ ዘንድ ይገባሉ። ደውዬ ልነግራቸው ነው። ለእነሱ ከነገርኩ ደግሞ ወረቀቱም ያንኑ ማለት አለበት።»

«ትባረራለህ እኮ» አለች ኦማይራ። «እሱ ባያባርርህ መሥሪያ ቤቱ አስወጣው ይለዋል።»

«አውቃለሁ።»

እስክሪብቶውን አነሣ። ኦማይራ የጻፈችውን መስመር ሰርዞ ከሥሩ «የተገባበት ስም፦ ዳማሪስ ቪሎሪያ፣ በሕይወት የለችም» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «ስሙን ያልሰረዘውና ያደሰው፦» ብሎ የራሱን አስከተለ። ሁለቱ ስሞች አንድ ወረቀት ላይ ከሞት የምስክር ወረቀቷ ወዲህ አልተጻፉም። የሁለተኛውን ዲስክ ነገርም ሊጨምር አስቦ ነበር፤ ግን ተወው። አርሴሲዮ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ፣ ጥቂት አሰበና በገዛ እጁ «ሁለተኛ ቅጂ ማስቀመጫ እንዲገዛ ተጠይቆ ባለቤቱ አልፈቀደም» የሚል አከለበት። ማንንም ሳያይ ፈረመና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ከመጣ መንገዱ ወንዝ ይሆናልና መሄድ የሚችሉት ሄደዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን አሁንም አሥራ ስምንት ሰዎች አሉ። የዶኛ ኤኔይዳ ወሬ ደርሷቸዋል። ኦማይራ መስኮቷን ከፍታ «ደረሰኝ የያዛችሁ እዚህ ጋ ተሰለፉ» አለች። ሰባት ሰዎች ተነሡ። የቀሩት ቦርሳቸውን፣ ኪሳቸውን፣ የመታወቂያቸውን ማህደር ፈተሹ፤ አንዷ ደረሰኙን ልጇ ሥዕል እንደሣለበት ተናገረች፤ ከዚያ ሁሉም እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ የሆነ ነገር የሚያመጣ ይመስል። ኤዴልሚሮ መሃላቸው ገብቶ ቆመ። የደረሰውን ከመጀመሪያው ነገራቸው፤ የሚስቱንም ስም፣ የራሱንም ጥፋት ሳያስቀር። የሚሰድበው ሰው ቢገኝ ይቀለው ነበር። የተሳደበ የለም።

ጥግ ላይ በትሩን ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ እጅጌውን ወደ ላይ ጠቀለለ። የክንዱ ደም ሥር እንደ ገመድ ወጥቷል።

«የዛሬውን ደሜን ትወስዳላችሁ፤ እሺ» አለ። «የአምናውን ግን ከየት ታመጡታላችሁ ልጄ?»

ኤዴልሚሮ ከጎኑ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው እጅጌውን ሳያወርድ መልሱን ጠበቀ።